የትናንሽ ጊታር ማጉያዎች ቃናና የኢሉባቦር ከተሞች

የሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ በተነሣ ቁጥር ክራሩን ያበጀው እጅ፣ ጊታሩን የቀረጸው ባለሙያ፣ መለከቱን ያስተጋባው ነፊ ይወሳሉ። ከሙዚቀኛው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ ድምፁን ከክሩ ተቀብላ ለተሰበሰበው ሕዝብ የምታደርሰው ሣጥን ግን ስሟ እንኳ እምብዛም አይጠራም። ሆኖም የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ከደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም፤ ለምልክቱ ጉልበት፣ ቃናና ጠባይ የሚሰጠው ማጉያው ነው። ሁለት ጊታር ተጫዋቾችን ላወዳድር ያለ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ሁለት ማጉያዎችንም እያወዳደረ ነው።

ክራርም ቢሆን ያለ ማጉያ አይናገርም። የክራር ማጉያ በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው። ቆዳው ደረቅና ውጥር ሲሆን ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት፣ በአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። በእንዲህ ያለ አገር የድምፅ ማጉላት ጥያቄ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር የመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ቆዳውን እሳት ዳር ማሞቅ የሚያውቅ ደርዳሪ፣ መሣሪያና አየር ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸውን ከማንም መሐንዲስ ቀድሞ ተረድቶታል።

ስለ ትናንሽ ባለ ቲዩብ ማጉያዎች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በካሊፎርኒያ ወይም በለንደን ጆሮ የተመዘነ ነው። የቱ ይጣፍጣል፣ የቱ ይሻክራል ሲባል፣ መመዘኛው የዚያ አገር ኮረንቲ፣ የዚያ አገር አዳራሽና የዚያ አገር ቅኝት ነው። ያው ሣጥን መቱ ላይ ቢሰካና ከፊቱ አንቺሆዬ ቢደረደር ፍርዱ ባለበት ይጸናል ወይ? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ሣጥኑን ራሱን፣ ቀጥሎም የሚሰካበትን አገር መመልከት ያስፈልጋል።

ቲዩብ የሚባለው አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ያለችው ክር በኮረንቲ ስትግል ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነዚህም በወዲያኛው በኩል ወዳለው ብረት ይጎርፋሉ። በመካከላቸው ወንፊት መሰል ሽቦ ቆሟል። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ምልክት ይህን ወንፊት ሲያዝ፣ ብርቱው ጅረት ለደካማው ይታዘዛል። የማጉላት ምሥጢር ሁሉ ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ባለ ሁለት ክፍሉን ቲዩብ ሲሠራ፣ አሜሪካዊው ሊ ዴ ፎረስት በ1906 ገደማ ወንፊቱን ጨመረበት፤ ሬዲዮም፣ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያም፣ ድምፅ ያለው ሲኒማም በዚህ ላይ ተገነቡ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ ሲቀርብ አብሮት የቀረበው ማጉያ ከሬዲዮ መቀበያ ብዙም የማይለይ ዕቃ ነበር። ቻርሊ ክሪስቲያን በ1939 ከቤኒ ጉድማን ጓድ ጋር ተቀላቅሎ ጊታርን ከአጃቢነት ወደ ፊት መስመር ያወጣው በእንዲህ ያለ ማጉያ ነው። እስከዚያ ድረስ ጊታር በመለከትና በሳክስፎን መካከል የማይሰማ መሣሪያ ነበር።

ትናንሾቹን ማጉያዎች በስም ያስጠራው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የነበረው ሰው ነው፤ ራሱ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቻምፒየን 800 የተባለውን ትንሽ ማጉያ አወጣ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም ይኸው ዝርያ ቻምፕ የሚለውን ስም ያዘ። ዕቃው ለተማሪ የታሰበ ነበር። አንድ የመግቢያ ቲዩብ፣ አንድ 6ቪ6 የኃይል ቲዩብ፣ ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥታ የሚለውጥ አንድ ሌላ ቲዩብ፣ አንድ ማዞሪያና ከጊዜ በኋላ ስምንት ኢንች የሆነ አንድ ስፒከር፤ ከዚህ በላይ ምንም የለውም። ኃይሉ አምስት ዋት ያህል ነው። በእንግሊዝ በዳርትፎርድ ከተማ የነበረው የጄኒንግስ ኩባንያ ደግሞ ቮክስ በሚለው ስም በ1958 ባለ አሥራ አምስት ዋቱን ኤሲ15፣ ቀጥሎም አራት ዋት ያህል ያለውን ኤሲ4 ለገበያ አቀረበ። እነዚህ የሚሠሩት ኢኤል84 በተባለው ቀጠን ያለ የአውሮፓ ቲዩብ ነው።

አምስት ዋት ሲባል እጅግ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የሰው ጆሮ ግን ድምፅን የሚለካው እንደ ሚዛን አይደለም። የማጉያ ኃይል አሥር እጥፍ ሲያድግ ለጆሮ የሚሰማው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በመሆኑም ባለ አምሳ ዋት ማጉያ ከባለ አምስት ዋቱ አሥር ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ገደማ ይጮኻል፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን በዚህ ልክ አይወሰንም። የቀበሌ አዳራሽን ለሚያህል ክፍል፣ ከበሮው ልከኛ ከሆነ፣ ትንሿ ሣጥን ሰው እንደሚገምታት አቅመ ቢስ አይደለችም።

በቃና በኩል ሁለቱን ዝርያዎች የሚለየው ምንድን ነው? 6ቪ6 የያዘው ቻምፕ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ክብ፣ ለስላሳና ጥቂት ጨለም ያለ ድምፅ አለው፤ ሲጨምሩለት ቀስ በቀስ እየሻከረ ይሄዳል። ኢኤል84 የያዘው ኤሲ4 ከመጀመሪያውም ወደ ላይኛው ድምፅ ያደላል፤ ክሩ ሲነካ የሚሰማው ጫፍ ሹል ነው፣ ሲጫንም ቶሎ ይጮኻል። አነስ ያለው ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ስለማይችል ሁለቱም የሬዲዮ ጠረን አላቸው። ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚበልጠው ልዩነት ግን በቲዩቡ ስም ሳይሆን በብዛቱ ላይ ያለ ነው። ቻምፕና ኤሲ4 የኃይል ቲዩባቸው አንድ ብቻ ነው። ኤሲ15ና የፌንደር ዴሉክስ ግን ሁለት ቲዩቦች አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ በጥምር ይሠሩባቸዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው። እያንዳንዱ የሙዚቃ ድምፅ ብቻውን አይመጣም። በላዩ ላይ ሃርሞኒክ የሚባሉ ረቂቅ ድምፆች ተደርበው ይሰማሉ፤ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ያው ድምፅ በኦክታቭ ከፍ ብሎ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ኦክታቭና አምስተኛ ከፍ ብሎ የሚገኘው ነው። ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣል፤ በተቆረጠውም ቦታ አዳዲስ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ሙዚቀኞች ዲስቶርሽን የሚሉት መዛባት ይህ ነው። አንድ የኃይል ቲዩብ ያለው ማጉያ ሲዛባ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ጎልቶ ይወጣል። ሁለት ቲዩቦች ሲገፋፉ ግን ሁለተኛውንና ሌሎችን ሙሉ ቁጥሮች እርስ በርስ ያጣፏቸዋል፤ ጎልቶ የሚቀረው ሦስተኛው ነው።

ለምዕራቡ ጊታር ተጫዋች ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው። ለኢትዮጵያ ቅኝት ግን ከዚያ ያልፋል። የትዝታን ቅኝት በፒያኖ አጻጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ብንይዘው፣ ከአምስቱ ድምፆች የአራቱ አምስተኛ ከዚያው ከቅኝቱ ውስጥ ይገኛል፤ የሚ አምስተኛ ብቻ ከቅኝቱ ውጭ ይወድቃል። ማጉያው ሦስተኛውን ሃርሞኒክ ቢያጎላ የሚጨምረው ድምፅ በአብዛኛው ቤተኛ ነው። አንቺሆዬን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብለን ስንወስደው ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዶ አምስተኛ ሶል ነው፤ ሶል በቅኝቱ የለም። የሬ ፍላትም፣ የላም አምስተኛ የለም። አምስተኛው በቅኝቱ ውስጥ የሚገኝለት ፋና ሶል ፍላት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአምስት ሦስቱ ድምፆች ላይ ማጉያው እንግዳ እየጠራ ይጨምራል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ክሩ ራሱ ሦስተኛ ሃርሞኒክ አለው፣ የክራርም ደርዳሪ የሚቃኘው በጆሮው እንጂ በፒያኖ አይደለም፤ ነገር ግን በክሩ ላይ በሹክሹክታ የነበረውን ማጉያው በአደባባይ ያስነግረዋል። ባለ አንድ ቲዩቧ ትንሽ ሣጥን ግን በብዛት የምትጨምረው ኦክታቭን ነው፤ ኦክታቭ ደግሞ ከየትኛውም ቅኝት ውጭ ሊሆን አይችልም። በዚህ ሚዛን፣ ለተማሪ የተሠራችው ርካሽ ዕቃ ለአንቺሆዬ ከትልቋ እኅቷ የተሻለች ሆና ትገኛለች።

ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ የሚከተለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የተዛባ ማጉያ የሁለቱን ድምፆች ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆችን ይፈጥራል። ሁለቱ በአምስተኛ የተራራቁ ከሆኑ ልዩነታቸው ከታችኛው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይወድቃል፤ ጆሮም እንደ ጥልቅ ባስ ይቀበለዋል። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች በአምስተኛ ላይ የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። በአምባሰልና በአንቺሆዬ እንዳለው በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ክሮች በአንድነት ሲመቱ ግን ውጤቱ ጉርምርምታ ነው። ክራር በድርደራ ሲመታ፣ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች እያፈነ ቀኝ እጅ ሁሉንም በአንድነት ይመታል፤ በጥፍር ተነጥሎ ሲለቀም ደግሞ አንዱ ክር ካንዱ ተለይቶ ይሰማል። የተለቀመ ክራር መጠነኛ መዛባትን ይሸከማል፤ የተደረደረ ክራር አይሸከምም። ለክራር ማጉያ የሚመርጥ ቡድን ይህን ሳይለይ ዋት ቢቆጥር የሚያተርፈው ነገር የለም።

መዛባት ሁልጊዜ እንደ ጌጥ አልታየም። የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ሊያጠፉት የደከሙበት ጉድለት ነበር። ኪንክስ የተባለው የእንግሊዝ ጓድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ፣ ኤልፒኮ የተባለች ትንሽ ማጉያውን ስፒከር በምላጭ ሰንጥቆ በ1964 በሸክላ የተቀዳው ድምፅ በዓለም ከተሰማ በኋላ፣ ጉድለቱ በገንዘብ የሚገዛ ጣዕም ሆነ። በ1970 ኤሪክ ክላፕተን በማያሚ ስቱዲዮ ሲቀዳ የመረጠው ታላላቆቹን ማጉያዎች ሳይሆን ቻምፕን ነበር። ትንሽ ሣጥን እስከ ጫፉ ተከፍታ ማይክሮፎን ሲቀርብላት በሸክላ ላይ ግዙፍ መስላ ትሰማለች።

በኢትዮጵያ ደግሞ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄደ። ዘመናዊው ሙዚቃ የተመሠረተው በመለከት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ቀጥሎም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሳደጉት ድምፅ የነሐስ ድምፅ ነበር። ጊታር በ1960ዎቹ ሲገባ የገባው በሳክስፎን መካከል ነው፤ የሚጠበቅበትም አጭር፣ የተቆራረጠና ጥርት ያለ ምት እንጂ ረጅም ጩኸት አልነበረም። በአስመራ የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ በአዲስ አበባም የሆቴል መድረኮች መሣሪያውን አስፋፉት። በ1969 አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ፣ ቀጥሎም ካይፋ፣ ይህን ድምፅ በሸክላ አኖሩት። ዋልያስ ባንድ በ1977 ባሳተመው ቸ በለው በተባለው ሸክላ ላይ የማህሙድ አማን ጊታር ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጎን ምን ያህል ቦታውን ጠብቆ እንደሚሄድ ማዳመጥ ይበቃል። በሌላ ወገን፣ በ1963 በሃሊም ኤል ዳብ መሪነት የተቋቋመውና ኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን ያለ ኮረንቲ ባንድ መድረክ አሰባስቦ ድምፅን በብዛት ለማጉላት ሞከረ። ሁለቱም መንገዶች ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ድምፅ ወደ ኢሉባቦር የደረሰው በሣጥኗ ሳይሆን በአየር ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ይህ አገር፣ በባሮ ወንዝና በጋምቤላ በኩል ከሱዳን ጋር ይነግድ በነበረበት ዘመን ዋና ከተማው ጎሬ ነበረች፤ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ የአገሪቱ መንግሥት ለጥቂት ወራት የቆየውም በዚያው ነው። የአስተዳደሩ ማዕከል በኋላ ወደ መቱ ተዛወረ። የኢትዮጵያ ሬዲዮም በመቱ በ684 ኪሎኸርዝ የሚሠራ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ተከለ። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ የራሱ ወንፊት አለው። ጣቢያዎቹ በ9 ኪሎኸርዝ ስለሚራራቁ፣ ከ4,500 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ በአብዛኛው አያልፍም። የጊታር ማጉያ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር በሬዲዮ ሲመጣ የሚያጣው እምብዛም የለም። የክራሩ ጥፍር፣ የማሲንቆው ጭራ ሲፈተግ የሚሰማው ሽውታ፣ የገረርሳ ቃል ከአፍ ሲወጣ የሚለየው ተነባቢ ግን ግማሽ ሕይወታቸው ከዚያ ወንፊት በላይ ነው። በያዮና በሁሩሙ፣ በቡሬና በበደሌ ሬዲዮ የከፈተ ወጣት፣ ከሩቁ መዲና የመጣውን ጊታር ከነሙሉ ወዙ፣ የጎረቤቱን መሣሪያ ግን ተዳክሞ ሰማው። ጊታር በክፍለ ሀገር ያገኘው ክብር ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የሬዲዮው መቀበያም ባለ ትራንዚስተር ነበር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ በጥቂት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ኮረንቲ ወደማያውቅ መንደር ገባ። ቲዩብ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ መሰኪያ በሌለበት ቤት ዋጋ የለውም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሸክላን የተካው ካሴትም በዚሁ በባትሪ ተጓዘ። በኢሉባቦር ትናንሽ ከተሞች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ተገለበጠ፤ በሌላው ዓለም ትራንዚስተር የቲዩብ ተተኪ ሲሆን፣ እዚህ ግን ቀዳሚው እርሱ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ የማጉያ ጥያቄ ከከተማ ሆቴል ወጥቶ የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ሆነ። አዳራሽ ውስጥ የሚገኘው ማጉያ ለስብሰባ ንግግር የተሠራ ነው። እንዲህ ባለው የማይክሮፎን መግቢያ ላይ ጊታር ቢሰካ፣ በጊታሩ ላይ ያለው ማግኔታዊ ፒክአፕ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ላይኛው ድምፁ ይሞታል፣ የሚወጣውም የታፈነ ነው። የጊታር ማጉያ መግቢያ ግን አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ሆኖ ስለሚሠራ ፒክአፑን አይጫነውም። ብዙ ጊዜ በተጫዋቹ ላይ የሚነገረው ወቀሳ በመሰኪያው ላይ መነገር የነበረበት ነው።

ከመሰኪያው ጀርባ ደግሞ ኮረንቲው አለ። ከዋናው የኃይል መረብ ተነጥለው በነበሩት ከተሞች የመብራት ምንጩ በአብዛኛው የናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው አምስት ሜጋዋት የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ጄኔሬተር ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 198 ቢደርስ፣ ማለትም በአሥር በመቶ ቢወርድ፣ ባለ አምስት ዋቷ ማጉያ ወደ አራት ዋት ትወርዳለች። ይህን የጩኸት ልዩነት ጆሮ እምብዛም አይለየውም። የሚታወቀው ሌላ ነው፤ ትናንት በማዞሪያው ስድስት ላይ መሻከር የጀመረው ድምፅ ዛሬ አምስት ላይ ይሻክራል። ምሽት ሲገፋና መብራቶች ሲጠፉ ቮልቱ ይመለሳል፣ ድምፁም ይጠራል። ያው ሣጥን፣ ያው ጊታር፣ ያው እጅ፣ በአንድ ምሽት ሁለት ቃና! በኃይል ቆጣቢው ትራንዚስተር ማጉያ ላይ፣ ቮልቱን የሚያስተካክል ክፍል ካለው፣ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ ለናፍጣ ከተማ የተሻለው እርሱ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል፣ ሲጫን ድንገት መሰንጠቁን ካልጠሉት። ለአሜሪካ ኮረንቲ የተሠራው ቻምፕ ደግሞ በመካከሉ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ለ60 ኸርዝ የታሰበው የራሱ ትራንስፎርመርም በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። የእንግሊዙ ኤሲ4 በዚህ በኩል ቤቱን ያገኘ ነው።

በመጨረሻም ዝናቡ አለ። እርጥበት የስፒከሩን ወረቀት ያለሰልሳል፣ የመሰኪያዎቹን ብረት ያዝጋል፣ ማዞሪያውን ያንኮሻኩሻል። ትራንዚስተር ማጉያ ሲሠራ ብዙም አይሞቅምና ውስጡ የገባው እርጥበት እዚያው ይቆያል። ቲዩብ ግን ምድጃ ነው። የሚያባክነው ሙቀት፣ በመሐንዲስ ሒሳብ ኪሳራ የሆነው፣ ሣጥኑን ከውስጥ ያደርቀዋል። ድምፁ በግማሽ ደቂቃ ቢመጣም ሣጥኑ በደንብ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበጃል። የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ ግን አይገባም፤ በውስጡ ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ከመሰኪያው ከተነቀለም በኋላ በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ኃይል ይቀራል። በጎሬ ክረምት ማጉያው እየጋለ እስኪደርስ ድረስ ደርዳሪው ክራሩን እሳት ዳር ቢያቆየው፣ ሁለቱ ማጉያዎች፣ ቆዳውና ቲዩቡ፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ያን ጊዜ መቃኘት ይጀመራል።